ልጅቱን ማን ጠየቃት?

ርዕሰ አንቀጽ

ስለ ፍቅር መጻፍ የርዕሰ አንቀጽ ሥራ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መንግሥትና ፖሊስ፣ ሽማግሌና ዘመድ ከሁለት ሰዎች ጉዳይ እጃቸውን ሰብስበው የሚቀመጡ ቢሆን ኖሮ እኛም በዚህ በተስማማን ነበር። የምናየው ግን ተቃራኒውን ነው። በዚሁ ግቢያችን ውስጥ እንኳ የክርስቲያን ልጅና የሙስሊም ልጅ ሲዋደዱ፣ ነገሩ ከሁለቱ እጅ ወጥቶ የመኝታ ክፍሉ፣ የአገር ልጁና የዘመድ አዝማዱ ጉዳይ ለመሆን አንድ ሳምንት አይፈጅበትም። ይህን በአእምሮአችን ይዘን ለዛሬ አንባቢዎቻችንን ወደ ፑንጃብ ልንወስዳቸው አስበናል። አገሩ ሩቅ ነው፤ ፈጽሞ ባዕድ ግን አይደለም። ከጣልያን ወረራ በኋላ አያቶቻችንንና አባቶቻችንን በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት መምህራን ብዙዎቹ ሕንዳውያን ነበሩ፤ አገራቸው ለሁለት ስትከፈል በሕይወት የነበሩ ሰዎች ናቸው።

እንግሊዛዊው የሕግ ሰው ሲሪል ራድክሊፍ ሕንድ የገባው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ጁላይ 8 ቀን 1947 ነበር (የሕንድና የፓኪስታንን ነገር ስናነሣ ዘመኑን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እንጽፋለን)። ከዚያ በፊት አገሩን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ፑንጃብንና ቤንጋልን በሃይማኖት ቁጥር ለሁለት እንዲከፍል የተሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ያህል ነው። መስመሩ የታወጀው ሁለቱ አገሮች ነፃነታቸውን ካከበሩ በኋላ፣ ኦገስት 17 ቀን ነው፤ ይኸውም ባላገሩ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል እያየ የቆመበት መሬት የማን እንደ ሆነ ገና አያውቅም ነበር ማለት ነው። መስመሩ የላሆርን አውራጃ ራሱን ሰንጥቆ ካሱርን ለፓኪስታን፣ ኬም ካራንን ለሕንድ ሰጠ። ካሱር ሙስሊሙም ሲኩም ሂንዱውም የሚወደው የፑንጃቢ ባለቅኔ የቡሌ ሻህ መቃብር ያለባት ከተማ ናት፤ ከኬም ካራን ተነሥቶ ወደዚያ የሚሄድ ገበሬ ከዚያ ቀን ጀምሮ የውጭ አገር ሰው ሆነ። ከ12 እስከ 15 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ ከቤቱ ተነቀለ። የሞቱትን አንዳንዱ 200,000፣ ሌላው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው ይላል።

ከመስመሩ በፊት የነበረውን ዘመን እንደ ገነት አድርገው የሚያወሩ አሉ፤ እኛ በዚህ አንስማማም። በፑንጃብ መንደር ሙስሊምና ሲክ ጎን ለጎን ያርሱ፣ አንዱ የሌላውን ሽማግሌ አጎቴ ይሉ፣ በለቅሶና በደስታ ይጠያየቁ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ማዕድ አይካፈሉም። ሃይማኖቱን አጥባቂ የሆነው ሂንዱ ከሙስሊም እጅ የበሰለ ነገር ስለማይቀምስ፣ ሙስሊሙ ለጎረቤቱ ሠርግ ስጦታ ሲልክ ጥሬውን እህል ይልክ ነበር። በባቡር ጣቢያዎችም «የሂንዱ ውሃ»፣ «የሙስሊም ውሃ» ተብሎ እንስራው ሳይቀር ለየብቻ ይቀመጥ ነበር። (በአንድ ሠርግ ሁለት ድንኳን ተጥሎ፣ ሁለት በሬ ለየብቻ ሲታረድ እያየ ያደገ ኢትዮጵያዊ በዚህ ብዙ አይደነቅም።) መጋባት የሚታሰብ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ፍቅርን የከለከለው ራድክሊፍ አይደለም፤ ክልከላው ቀድሞም በየጓዳው ነበር። መስመሩ ያደረገው ነገር ያንን የጓዳ ክልከላ የመንግሥት ሕግ፣ የፖሊስ ሥራና የአገር ክብር ማድረግ ነው።

የዚህን ዕዳ የከፈሉት ሴቶች ናቸው። በማርች 1947 በራዋልፒንዲ አውራጃ ቶሃ ካልሳ በምትባል መንደር 90 ያህል የሲክ ሴቶች ጠላት እጅ ከመውደቅ ብለው ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ሞቱ። በሌሎችም መንደሮች አባቶች ሴት ልጆቻቸውን በገዛ እጃቸው ገደሉ፤ ይህም እስከ ዛሬ ድረስ በአንዳንዶች ዘንድ ጀግንነት ተብሎ ይተረካል። በሁለቱም ወገን የተጠለፉት ግን ከዚህ እጅግ ይበዛሉ። መንግሥታቱ በገመቱት መሠረት በሕንድ በኩል ወደ 50,000 የሚሆኑ የሙስሊም፣ በፓኪስታን በኩል ደግሞ ወደ 33,000 የሚሆኑ የሂንዱና የሲክ ሴቶች ተወስደዋል። ከተመለሱትም ውስጥ «ረክሳለች» ተብለው ወላጅ ቤት በር የተዘጋባቸው ብዙ ስለ ነበሩ፣ ጋንዲና ኔህሩ ራሳቸው ሕዝቡን እህቶቻችሁን ተቀበሉ እያሉ እስከ መለመን ደረሱ።

እንግዲህ ዋናው ጉዳያችን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሁለቱ መንግሥታት በዲሴምበር 1947 የተጠለፉትን ሴቶች ፈልገው ለመመለስ ተስማሙ። ሕንድም በዲሴምበር 1949 ይህን የሚያስፈጽም ሕግ አወጣች። የሕጉን ትርጉም ያነበበ የሕግ ተማሪ ጣቱን የሚጭንበት አንድ ቦታ አለ። ወንድ ከሆነ «ተጠላፊ» የሚባለው ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች የሆነው ልጅ ብቻ ነው፤ ሴት ከሆነች ግን በማናቸውም ዕድሜ ብትሆን ነው። ከማርች 1 ቀን 1947 በፊት ሙስሊም የነበረች፣ ከዚያም ወዲህ እስከ 1949 መግቢያ ድረስ ከቤተሰብዋ ተለይታ ከሌላ ሰው ወይም ቤተሰብ ጋር ስትኖር የተገኘች ሴት ሁሉ ተጠላፊ ናት። ተገድዳ ነው ወይስ ወዳ? ይህ በትርጉሙ ውስጥ የለም። በዚያው ጊዜ ውስጥ የወለደችውም ልጅ አብሮ ተጠላፊ ነው። ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ቤት ገብቶ ሊያወጣት ይችላል። በመጠለያው ውስጥ መያዝዋን ማንም ፍርድ ቤት ሊመረምረው አይችልም። ሕጉ በምክር ቤቱ ሲቀርብ የሴቲቱ ፈቃድ የት አለ ብለው የተከራከሩ አባላት ነበሩ፤ ሕጉ ግን አለፈ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1952 በዚህ ሕግ ተይዞ መወሰድ ሕገ መንግሥቱ የሚለው «እስራት» አይደለም ሲል ወሰነ። እየታደሰም እስከ 1957 ቆየ። በእነዚህ ዓመታት ከሁለቱም ወገን ወደ 30,000 የሚጠጉ ሴቶች ተመለሱ።

ለሕጉ አውጪዎች ግን ፍትሕ መንፈግ አይገባንም። ክርክራቸው የዋዛ አልነበረም። «አንዲት ሴት ወላጆችዋን ከገደለ ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጣ፣ እርሱ በር ላይ ቆሞ እየሰማት፣ መሄድ አልፈልግም ብትል ይህ ቃል ፈቃድ ነው ወይ?» የሚል ነበር። በአገራችን ጠለፋን የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ አይጥለውም። በእኛ አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት ከክስ ያድነው ነበር። በሽማግሌ ፊት ተቀምጣ አንገትዋን ደፍታ «ይሁን» ያለች የ14 ዓመት ልጅ ፈቀደች ተብሎ ስንት መዝገብ ተዘግቶአል! ይህ ድንጋጌ የቀረው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ስለዚህ በ1949 ዴልሂ ላይ የነበሩት ሰዎች ችግሩን በትክክል አይተውታል እንላለን። የሳቱት መድኃኒቱን ነው። ሴቲቱ በነፃነት ልትናገር የማትችል ከሆነ በነፃነት የምትናገርበትን ቦታ ማዘጋጀት ይገባ ነበር፤ እነርሱ ግን ቃልዋን ከነጭራሹ ከመዝገቡ አወጡት። ኡርቫሺ ቡታሊያ፣ እንዲሁም ሪቱ ሜኖንና ካምላ ባሲን በ1998 ባወጡዋቸው ሁለት መጻሕፍት፣ በዚያ ሥራ ላይ ተሰማርተው የነበሩትን ሴቶች ሳይቀር አነጋግረዋል። አንመለስም ብለው ያለቀሱ፣ የታገሉ፣ ልጆቻቸውን ጥለው በመኪና የተጫኑ ሴቶች እንደ ነበሩ ከእነዚህ መጻሕፍት እናነባለን። በአንድ ጥላቻ ሁለት ጊዜ የተነቀሉ ናቸው፤ መጀመሪያ በጠላት፣ ቀጥሎ በወገን።

ከነዚያ ታሪኮች ሁሉ ዝነኛው የቡታ ሲንግ ነው። ቡታ ሲንግ በቡርማ ጦር ሜዳ የዋለ ወታደር፣ በኋላም በሕንድ ፑንጃብ የሚያርስ ሲክ ነበር። እንደሚተረከው በ1947 ግርግር ከአሳዳጆችዋ የሸሸች ዘይነብ የምትባል በዕድሜ እጅግ የምታንሰው የሙስሊም ልጅ እጁ ገባች፤ ለአሳዳጅዋ ገንዘብ ከፍሎ አዳናት፤ አገባት፤ ሴት ልጅም ወለዱ። ሕጉ ከወጣ በኋላ ለባለ ሥልጣኖቹ የጠቆሙት የወንድሙ ልጆች ናቸው ይባላል። ምክንያታቸው ሃይማኖት ነው ብለው ተናግረው ይሆናል፤ የታሪኩ ተራኪዎች ግን መሬቱን ማን ይወርሳል የሚለው ጉዳይ ነበር ይላሉ። ዘይነብ ተወሰደች፤ ድንበሩን አቋርጣ ዘመዶችዋ ወደ ሰፈሩበት መንደር ተላከች። ቡታ ሲንግ ሃይማኖቱን ለውጦ፣ ሙስሊም ሆኖ፣ ልጁን ይዞ ድንበሩን ተሻገረ። በላሆር ፍርድ ቤት ዘይነብ በዘመዶችዋ መካከል ቆማ ከእርሱ ጋር እንደማትመለስ ተናገረች። እርሱም በ1957 ልጁን እንዳቀፈ ባቡር ሥር ገብቶ ሞተ፤ ልጅቱ ተረፈች። መቃብሩ ላሆር ነው።

ይህ ታሪክ በሁለቱም አገሮች ተወዶአል፤ በ1999 ፊልም ተሠርቶበታል፤ ቡታ ሲንግም «የፍቅር ሰማዕት» ተብሎአል። እኛም ስናነበው ልባችን ተነክቶአል። ነገር ግን ደግመን ስናስበው አንድ ነገር ይጎረብጠናል። ታሪኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእርሱ ነው። የከፈለው እርሱ፣ ያገባው እርሱ፣ የተሻገረው እርሱ፣ የሞተው እርሱ። እርስዋ ስትገዛ ማንም አልጠየቃትም። ስትወሰድ ሕጉ እንድትጠየቅ አያዝም። በመጨረሻ ስትጠየቅ ደግሞ በአንድ በኩል ባልዋ፣ በሌላ በኩል ዘመዶችዋ በቆሙበት አዳራሽ ነው። ያ «አልመለስም» ፍርሃት ነበር? እውነተኛ ፈቃድ ነበር? ወይስ ገዝቶ ያገባትን ሰው በልብዋ ወድዳው አታውቅም ነበር? ሦስቱም ሊሆን ይችላል፤ ይህንኑ ቃል ደግሞ ለማንም ጆሮ ሳትሳቀቅ የምትናገርበት ክፍል አንድ ቀን አልተሰጣትም። ፊልሙን አይቶ ያለቀሰው ሰው ሁሉ ያለቀሰው ለእርሱ ነው።

በልብ ወለዱም ቢሆን ነገሩ ብዙ አይለይም። ኩሽዋንት ሲንግ በ1956 ባሳተመው «ባቡር ወደ ፓኪስታን» በተባለው መጽሐፍ፣ በሱትሌጅ ወንዝ ዳር ባለች ማኖ ማጅራ በተባለች የምናብ መንደር፣ አንድ የሲክ ወንበዴና የሙስሊሙ ሼክ ልጅ ይዋደዳሉ። መጽሐፉ ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ ሲያልቅ ልጁ ለልጅቱ ባቡር ሲል ሕይወቱን ይሰጣል፤ ልጅቱ ግን ከብዙ ሺህ ተሳፋሪ አንዷ ሆና ጨለማ ውስጥ ታልፋለች። በአንጻሩ ከላሆር ተሰድዳ የወጣችው አምሪታ ፕሪታም በ1950 ባወጣችው «ፒንጀር» በተባለው ልብ ወለድ፣ በሙስሊም የተጠለፈችው የሂንዱ ልጅ በመጨረሻ ልመለስ ወይስ ልቅር የሚለውን ራስዋ ትወስናለች፤ ትቀራለችም። ውሳኔዋን ልንወደው አንችል ይሆናል። (ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች አንዱ ፈጽሞ አልወደደውም፤ ጠላፊን ይቅር ማለት ነው ይላል።) ይሁንና የእርስዋ ውሳኔ ነው።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ቢኖር ወደ አሁኑ ዘመን እንምጣ። ሕንድ በ1954 ባወጣችው የልዩ ጋብቻ ሕግ የተለያየ ሃይማኖት ያላቸው ሰዎች ሃይማኖታቸውን ሳይለውጡ መጋባት ይችላሉ፤ ነገር ግን አሳባቸውን አስቀድመው ማስታወቅና ማስታወቂያው ለሕዝብ ተለጥፎ 30 ቀን መጠበቅ አለባቸው። ከቤተሰብ ሸሽተው ለመጡ ሁለት ልጆች 30 ቀን ምን ማለት እንደ ሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ኡታር ፕራዴሽ የተባለው ክፍለ አገር ደግሞ በ2020 በድንጋጌ፣ በ2021 በሕግ፣ ሃይማኖትን ለማስለወጥ ሲባል ብቻ የተፈጸመ ጋብቻ ዋጋ የለውም ሲል ወሰነ። ወላጅ፣ ወንድም፣ እህትና ሌላም ዘመድ ክስ ማቅረብ እንዲችሉ ፈቀደ፤ በ2024 ደግሞ ማንም ሰው መክሰስ ይችላል ተብሎ ተሻሻለ። የቡታ ሲንግ የወንድም ልጆች ዛሬ ቢኖሩ ቅጹን ሞልተው ይፈርሙ ነበር። በፓኪስታን በኩል ቁስሉ ሌላ መልክ አለው፤ በሲንድ ድኾች የሆኑ የሂንዱ ቤተሰቦች ልጆቻችን ተወስደው ሃይማኖታቸውን በግድ ለወጡ፣ ተዳሩም እያሉ ይጮኻሉ፤ ልጅቱም ብዙ ጊዜ ፍርድ ቤት የምትቀርበው ከወሰዳት ሰው ጋር ነው። በአንዱ አገር ፈቅጃለሁ ያለችው አትታመንም፤ በሌላው ያልፈቀደችው ፈቅዳለች ትባላለች።

ግን ሌላ መንገድ መኖሩንም አይተናል። በደቡብ ሕንድ የኬረላ ተወላጅ የሆነች አንዲት የሕክምና ተማሪ በገዛ ፈቃድዋ ሰለመች፤ ሙስሊምም አገባች። አባትዋ ከሰሰ። የክፍለ አገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2017 ጋብቻውን አፍርሶ፣ ዕድሜዋ ከ20 በላይ የሆነችውን ሴት ለአባትዋ አስረከበ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ዳኞቹም በኖቬምበር ወር ራስዋን አስቀርበው ምን እንደምትፈልግ ጠየቁዋት። ነፃነቴን እፈልጋለሁ፣ ትምህርቴንም ልጨርስ አለች። በቅድሚያ ወደ ኮሌጅዋ ተላከች፤ በማርች 2018 ደግሞ የጋብቻው መፍረስ ተሻረ። ያን ሁሉ ወር የፈጀው፣ ጠበቆቹንና መርማሪዎቹን ሁሉ ያደከመው ጉዳይ የተቋጨው አንዲት ተማሪን በመጠየቅ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ በወረቀት ረገድ ከብዙዎች እንሻላለን። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ለአካለ መጠን የደረሱ ወንድና ሴት ሃይማኖት ሳይለያቸው ሊጋቡ እንደሚችሉ፣ ጋብቻውም በሁለቱ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ይናገራል። የቤተሰብ ሕጉም በክብር መዝገብ ፊት መጋባትን ፈቅዶአል። በወሎ ያደገ ተማሪ ደግሞ ሕጉ ከመውጣቱ አስቀድሞ ክርስቲያንና ሙስሊም ተጋብተው፣ አክስቱ በአንዱ አጎቱ በሌላው ሆነው አይቶአልና ምን አዲስ ነገር አመጣችሁ ይለን ይሆናል። እኛም ለእርሱ አንድ ጥያቄ አለን። በዚያ ጋብቻ ከሁለት አንዱ ሃይማኖቱን ሲለውጥ፣ ብዙ ጊዜ የምትለውጠው ማን ናት? ተጠይቃስ ነበር?

በግቢያችን ያለው ጉዳይ ከሕግ ይልቅ የጓደኝነት ነው። ባለፉት ዓመታት ከትምህርትዋ መካከል ተጠርታ ወደ ቤትዋ የተወሰደች፣ እንደ ወጣችም የቀረች ተማሪ የማያውቅ ክፍል ጥቂት ነው። ወላጆች ወሬውን በሕልም አላዩትም። ከዚህ፣ ከእኛው መካከል፣ «ለእርስዋ ብዬ ነው» እያለ ስልክ የደወለ አለ። ያ ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ከደወለም በኋላ በሰላም ተኝቶ ይሆናል። ከመደወሉ በፊት ግን ወደ ልጅቱ ሄዶ አንድ ጥያቄ ቢጠይቃት ኖሮ የሚያጠፋው አሥር ደቂቃ ነበር። ተገድዳ፣ ተታልላ ወይም ፈርታ ከሆነ ያን ጊዜ ልትነግረው ትችላለች፤ ከዚያም የሚረዳት ሰው ያስፈልጋታል። ወድዳ ከሆነም ይነገረውና ወደ ጥናቱ ይመለስ። መምህራኖቻችንም እንደዚህ ያለ ጉዳይ ቢሮአቸው ሲደርስ ዘመድ ከመጥራታቸው በፊት ተማሪዋን ለብቻዋ እንዲያነጋግሩዋት በአክብሮት እንጠይቃለን።

በዚህ ርዕሰ አንቀጽ የማይስማማ አንባቢ ጽፎ ቢልክልን በሚቀጥለው እትም ቦታ እንሰጠዋለን። ስለዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ወደ ዝግጅት ክፍላችን የመጡት አራት ጽሑፎች በሙሉ የወንዶች ናቸው። ሴት ተማሪዎች ቢጽፉልን እንወዳለን፤ ስማቸው እንዲወጣ ያልፈለጉ እንደ ሆነ አናወጣም፤ ጽሑፉንም በእጅ ማምጣት አያስፈልግም፣ ከበሩ ሥር ማስገባት ይበቃል።